ማክ ላይ ሆኖ ለሊኑክስ ኮምፓይል ማድረግ፦ የክሮስ ኮምፓይለር ግንባታ ማስታወሻ

ጠረጴዛዬ ላይ ማክ አለ። ከጎኑ ራስፕቤሪ ፓይ 4 የሚባል፣ ሊኑክስ የሚሮጥበት ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ አለ። ፕሮግራሙን የምጽፈው ማኩ ላይ ነው፤ የሚሠራው ግን ቦርዱ ላይ ነው። እስካሁን ኮዱን ወደ ቦርዱ እየላክኩ እዚያው ነበር ኮምፓይል የማደርገው፣ ማለትም ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም የምቀይረው። አንድ መስመር ቀይሬ ውጤቱን ለማየት ሩብ ሰዓት እጠብቃለሁ። ሩብ ሰዓት ሐሳብ ይበትናል። ስመለስ ምን እየፈተንኩ እንደነበር ይጠፋብኛል።

ስለዚህ ክሮስ ኮምፓይለር ልሠራ ነው። ኮምፓይለሩ ራሱ ማኩ ላይ ይሮጣል፣ የሚያወጣው ፕሮግራም ግን ለቦርዱ ይሆናል። ተሠርቶ ያለቀ የሚወርድም አለ። እኔ ግን ከምንጭ ኮዱ መገንባት ፈለግኩ። ነገ የሆነ ነገር ሲበላሽ የት ገብቼ እንደምፈልግ ማወቅ አለብኝ።

ቀን 1

ገና ሳልጀምር አንድ ጓደኛዬ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ማክህ ኤም1 ነው፣ አርም ማለት ነው። ቦርዱም አርም ነው። ሁለቱም 64 ቢት። ታዲያ ክሮስ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?»

እውነት ነው፣ የፕሮሰሰሩ ትዕዛዞች ያው ናቸው። የሚለያየው ከዚያ በላይ ያለው ነው። ማክ ፕሮግራሞቹን ማክ-ኦ በሚባል የፋይል ቅርጽ ያስቀምጣል፣ ሊኑክስ ደግሞ ኤልፍ በሚባል። ፋይል ለመክፈት ከርነሉን፣ የሲስተሙን እምብርት፣ የሚጠይቁበት መንገድ ይለያያል። የሲ ላይብረሪያቸውም (የሲ ፕሮግራሞች የሚጋሩት ዝግጁ ኮድ) ሌላ ነው፤ ቦርዱ ላይ ያለው ጂሊብሲ ማኩ ላይ የለም። እንዲያውም ፕሮሰሰሩ አንድ መሆኑ ሥራውን የሚያከብደው ይመስለኛል። ለኢንቴል ፕሮሰሰር የተሠራ ነገር በስህተት ቢገባ ወዲያው ያስታውቃል። እዚህ ግን ስህተቱ ተመሳስሎ ያልፋል።

የምገነባው ኮምፓይለር ጂሲሲ ይባላል። እሱን ስንገነባ ሦስት ስሞች አሉ። ቢልድ ኮምፓይለሩ የሚገነባበት ማሽን ነው። ሆስት የሚሮጥበት ነው። ታርጌት ደግሞ ኮድ የሚያወጣለት ነው። ለእኔ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ማኩ ናቸው። ሦስቱም የተለያዩ ሲሆኑ «የካናዳ ክሮስ» ይባላል። ስሙ በወጣበት ጊዜ ካናዳ ሦስት አገር አቀፍ ፓርቲዎች ስለነበሯት ነው ይባላል።

የእኔ ታርጌት ኤአርች64-ሊኑክስ-ጂኤንዩ ነው። ልብ በሉ፣ ጂሲሲ ኤአርች64 የሚለውን ያንኑ ፕሮሰሰር የሊኑክስ ከርነል አርም64 ይለዋል። አንዱን በሌላው ቦታ ከጻፋችሁ ስክሪፕቱ አይገባውም።

ዛሬ የሠራሁት ዝግጅት ብቻ ነው። ማክ ላይ ጂሲሲ ብለን ስንጠራ የሚመልሰው ክላንግ የሚባል ሌላ ኮምፓይለር ነው፣ ጂሲሲ አይደለም። ክሮስ ኮምፓይለሩን ለመገንባት ግን ክላንግ ይበቃል። ከማኩ ጋር የመጣው የግንባታ ማስኬጃ ሜክ 3.81 ነው፣ የ2006 እትም። በሆምብሩ፣ ማክ ላይ ፕሮግራም በሚጭነው መሣሪያ፣ አዲሱን ሜክና ጽሑፍ የሚያርመውን የጂኤንዩ ሴድን ጨመርኩ። የማክ ሴድ ከጂኤንዩ ሴድ ጋር በአንዳንድ አማራጮች አይስማማም።

ቀን 2

ኮምፓይለሩ የቦርዱን ላይብረሪዎችና ሄደር ፋይሎች (ላይብረሪዎቹ ውስጥ ያለውን የሚያስተዋውቁ ጽሑፎች) ማየት አለበት። እነሱን ሰብስቦ የያዘው ፎልደር ሲስሩት ይባላል። የቦርዱ ሥር ፎልደር ቅጂ በሉት። ሁለት መንገድ አለ። ጂሊብሲን ራስህ ትገነባለህ፣ ወይም ከቦርዱ ትገለብጣለህ። ሁለተኛውን መረጥኩ። ፕሮግራሙ የሚሮጠው ከቦርዱ ጂሊብሲ ጋር ከሆነ፣ ሊንክ የሚደረገውም (የሚያያዘውም) ከዚያው ጋር ቢሆን ይሻላል።

ቦርዱ ላይ የሲ ላይብረሪውን የዴቨሎፕመንት ፓኬጅ ጫንኩ። ያለሱ ሄደር ፋይሎቹ አይኖሩም። ከዚያ ሊብን፣ በዩኤስአር ውስጥ ያሉትን ሊብና ኢንክሉድ ፎልደሮች በፋይል መገልበጫው በአርሲንክ ወደ ማኩ ሳብኩ።

ሁሉም መምጣቱን ለማረጋገጥ አርሲንክን ደገምኩት። ምንም ስላልተለወጠ ዝም ብሎ መጨረስ ነበረበት። እሱ ግን ጥቂት ፋይሎችን እንደገና አመጣ። ሦስተኛ ጊዜ ሞከርኩ። አሁንም እነዚያኑ። ሁሉም ከከርነሉ የኔትፊልተር ሄደሮች ውስጥ ናቸው።

ዝርዝሩን ቦርዱ ላይ ከፍቼ ሳየው ገባኝ። እዚያ ፎልደር ውስጥ ስማቸው በላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደል ብቻ የሚለያይ ጥንዶች አሉ። ለምሳሌ ቲሲፒኤምኤስኤስ የሚል ስም ያላቸው ሁለት ፋይሎች አሉ፤ አንዱ በትልቅ ፊደል፣ ሌላው በትንሽ። ይዘታቸው ፈጽሞ ይለያያል። የማክ ዲስክ በነባሪ አቀማመጡ ትልቅና ትንሽ ፊደልን እንደ አንድ ስም ይቆጥራል። ስለዚህ ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያውን ደመሰሰው። አንድም የስህተት መልእክት አልወጣም።

የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ይሆን እንጃ፣ ይህን ልዩነት ዓይኔ በቀላሉ አይይዘውም። አርሲንክን ባልደግመው ኖሮ አላውቀውም ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው። በዲስክ ዩቲሊቲ አዲስ የኤፒኤፍኤስ ቮልዩም ፈጠርኩ፤ ፊደል የሚለየውን ዓይነት መረጥኩ። ቮልዩሙ ከዋናው ዲስክ ጋር ቦታ ስለሚጋራ መጠን አስቀድሞ መወሰን አያስፈልግም። ስሙ ላይ ክፍት ቦታ እንዳታስገቡ። ግንባታውን የሚያዘጋጁት የኮንፊገር ስክሪፕቶችና ሜክ ክፍት ቦታ ያለበትን መንገድ እንደ ሁለት ቃል ያነቡታል። አርሲንክን ወደዚያ ላክኩ፣ ደገምኩት፣ ሁለተኛው ምንም አላመጣም።

ማታ አንድ ወረቀት ላይ «ይሄ የማን ነው? የማኩ ወይስ የቦርዱ?» ብዬ ጻፍኩና ስክሪኑ ጥግ ላይ ለጠፍኩት።

ቀን 3

ቢንዩቲልስ 2.41። ወደ ማሽን ኮድ የሚቀይረው አሴምብለሩና ቁርጥራጮቹን ከላይብረሪዎች ጋር የሚያያይዘው ሊንከሩ ያሉት እዚህ ውስጥ ነው፤ ጂሲሲ ያለነሱ አይሠራም። ስለዚህ ቅድሚያ የሱ ነው።

ታርጌቱን ነገርኩት፣ መጫኛ ፎልደሩን ነገርኩት፣ ሲስሩቱን አሳየሁት። ግንባታው ብዙም ሳይሄድ ቆመ። ስህተቱ የወጣው አብሮ ከሚመጣው የመረጃ መጭመቂያ ላይብረሪ ከዚሊብ ውስጥ ነው፤ ኤፍዲኦፕን የሚባለው ፋንክሽን ላይ። ኮዱን ከፈትኩት። ለድሮው የማክ ሲስተም፣ ያ ፋንክሽን ላልነበረበት ዘመን የተጻፈ ሁኔታ አለ። አዲሱ ክላንግ «ይህ ማክ ነው» የሚለውን ምልክት በራሱ ስለሚያስቀምጥ ያ የድሮ መስመር ነቃ። ፋንክሽኑን ባዶ ዋጋ አድርጎ ተካው፣ ቀጥሎ የሲስተሙ ሄደር ሲመጣ ተጋጩ።

ኮዱን መነካካት አልፈለግኩም። በኮንፊገር ጊዜ «የሲስተሙን ዚሊብ ተጠቀም» የሚል አማራጭ አለ። ወረቀቱን አየሁ። ይሄ ዚሊብ የማን ነው? አሴምብለሩና ሊንከሩ የሚሮጡት ማኩ ላይ ነው፣ ስለዚህ የማኩ ዚሊብ መሆኑ ትክክል ነው። ጨመርኩት። በአምስት ደቂቃ አለቀ።

ቀን 4

ጂሲሲ። ረጅሙ ቀን።

ቦርዱ ላይ ያለው ሊኑክስ ዴቢያን 11 ነው፤ ኮምፓይለሩ ጂሲሲ 10.2 ነው። ያንኑ እትም ብገነባ ሁሉም ነገር ይገጥማል ብዬ አሰብኩ። የሚፈልጋቸውን ሦስት የሒሳብ ላይብረሪዎች፣ ጂኤምፒ፣ ኤምፒኤፍአርና ኤምፒሲን ከሆምብሩ ወሰድኩ። እነዚህ ለምን እንደሚያስፈልጉ ማወቅ ደስ ይላል። ኮምፓይለሩ ቋሚ ቁጥሮችን አስቀድሞ ያሰላል። ያንን በሆስቱ የቁጥር አሠራር ቢያሰላው ውጤቱ ከታርጌቱ ሊለይ ይችላል። ስለዚህ በሶፍትዌር፣ በትክክለኛ አሃዝ ያሰላል። ማለትም ጂሲሲ ራሱ «ይሄ ስሌት የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ግንባታው ሄደ፣ ሄደ፣ መጨረሻው ሊንክ ላይ ወደቀ። ሆስት ሁክስ የሚባል ምልክት የለም አለ። ጂሲሲ ለሚሮጥበት ለእያንዳንዱ ማሽን ትንሽ የራሱ ኮድ ያስፈልገዋል፤ ለአርም ማክ ግን እዚህ እትም ውስጥ የለም። ቀኑን ሳየው ምክንያቱ ግልጽ ሆነ። 10.2 የወጣው ሐምሌ 2020 ነው በፈረንጆች አቆጣጠር፤ የመጀመሪያዎቹ የኤም1 ማኮች የመጡት በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። ገና ላልነበረ ማሽን ማን ኮድ ይጽፋል?

ወደ 13.2 ተሻገርኩ። ይህ ውሳኔ ኋላ ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ዋጋ እንደሚያስከፍለኝ እጠረጥራለሁ። ለጊዜው ይለፍ።

አዲስ ባዶ ፎልደር ውስጥ ኮንፊገር አደረግኩ። ጂሲሲን ምንጭ ኮዱ ባለበት ፎልደር ውስጥ በፍጹም አትገንቡ። ኮንፊገሩን ስትቀይሩም የግንባታውን ፎልደር ጠርጋችሁ ጀምሩ። የድሮ ውጤት ተደብቆ ይቀራል።

በአንዴ ሁሉንም ከመገንባት ኮምፓይለሩንና ረዳት ላይብረሪውን ሊብጂሲሲን ብቻ አስቀደምኩ። ሲ ፕላስ ፕላስ ይቆይ። ኮምፓይለሩ ተሠራ። ሊብጂሲሲ ላይ ግን ከቢትስ ፎልደር አንድ ሄደር የለም ብሎ ቆመ። ፋይሉ ግን አለ! ዴቢያን እንዲህ ያሉትን በፕሮሰሰሩ ስም በተሰየመ ንዑስ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል፤ መልቲአርች ይባላል። ከድሮ ማስታወሻዬ የገለበጥኩት የኮንፊገር መስመር ላይ መልቲአርች ጠፍቶ ነበር። አበራሁት፣ ጠረግኩ፣ እንደገና። በ8 ኮር ከሃያ ደቂቃ በላይ ትንሽ ወሰደ።

አለቀ። እጄን አጨበጨብኩ።

ቀን 5

መጀመሪያ ሰላምታ ብቻ የሚያትም የሲ ፕሮግራም። ኮምፓይል ሆነ። ፋይል በሚባለው ትዕዛዝ መረመርኩት፦ ኤልፍ፣ 64 ቢት፣ አርም ኤአርች64። ማኩ ላይ ላስነሳው ስል «ቅርጹን አላውቀውም» አለኝ። ትክክል ነው፣ እንዲህ ማለት አለበት።

ወደ ቦርዱ ላክኩት። «ጂሊብሲ 2.34 አልተገኘም።»

እንዴት? ሲስሩቱ የዚሁ ቦርድ አይደለም እንዴ? ሲስሩቱ ውስጥ ያለውን የጂሊብሲ እትም አየሁ፤ 2.36 ይላል። ዴቢያን 11 ላይ ያለው ደግሞ 2.31 ነው። ያኔ ትዝ አለኝ። በቀን 2 ቦርዱ ውስጥ የነበረው ለሙከራ ያዘጋጀሁት ሌላ ሜሞሪ ካርድ ነው፣ ዴቢያን 12 ያለበት። ቦርዱ ያው ቢሆንም ሲስተሙ ሌላ ነበር።

ለምን 2.34 ብሎ እንደጠየቀ መረዳት ይጠቅማል። ነሐሴ 2021 በወጣው ጂሊብሲ 2.34 ላይ ለብቻው የነበረው የትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሮጡ ሥራዎች) ላይብረሪ ወደ ዋናው ሊብሲ ተጠቃለለ። በዚያው እትም ሜይን ፋንክሽንን የሚያስነሳው መግቢያ አዲስ የእትም ቁጥር ተሰጠው። ስለዚህ በ2.34 ወይም ከዚያ በኋላ ባለው ሊንክ የተደረገ ፕሮግራም፣ ሰላምታ ብቻ ቢያትምም፣ በቀደመው ጂሊብሲ ላይ አይነሳም። በተቃራኒው ግን ይሠራል። በአሮጌው ሊንክ አድርጎ በአዲሱ ላይ ማስሮጥ ይቻላል።

አሁን ቦርዱ ውስጥ ያለው ትክክለኛው ካርድ ነው። ሲስሩቱን አጥፍቼ እንደገና አመጣሁ። ሊብጂሲሲንም እንደገና ገነባሁ፣ እሱም የተሠራው በተሳሳተው ሲስሩት ላይ ነውና። ላክኩት። ሰላምታው ታተመ።

ከሰዓት የሳይን ፋንክሽን የሚጠራ ሁለተኛ ፕሮግራም ሞከርኩ። የሒሳብ ላይብረሪው ሊብኤም ያስፈልገዋል። ኮምፓይል ሆነ፣ ቦርዱ ላይም ትክክለኛ መልስ ሰጠ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያልፋል። እኔም ላልፍ ነበር። የፋይሉ መጠን ግን ከጠበቅኩት በላይ ሆነብኝ። የኤልፍ ፋይል በሚያነበው በሪድኤልፍ የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች ዝርዝር አወጣሁ። ሊብሲ ብቻ። ሊብኤም የለም። የሒሳብ ኮዱ ታዲያ ከየት መጣ?

ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ሲስሩቱ ውስጥ የሊብኤም የጋራ ላይብረሪ ተብሎ ያለው ፋይል ራሱ ላይብረሪው አይደለም፤ ወደ እሱ የሚጠቁም ምልክታዊ ሊንክ ነው። የሚጠቁመውም ከሥር ጀምሮ በተጻፈ ሙሉ አድራሻ ነው። ቦርዱ ላይ ያ አድራሻ ትክክል ነው። ማኩ ላይ ግን «ከሥር» ማለት የማኩ ሥር ነው፤ እዚያ እንዲህ ያለ ፎልደር የለም። ሊንከሩ የጋራውን ሲያጣ ስህተት አላወጣም። ጎኑ ያለውን የስታቲክ ማኅደር አንስቶ ሙሉ ኮዱን ፕሮግራሜ ውስጥ ከተተው።

የሊብሲው ፋይል ለምን አልተነካም ትሉ ይሆናል። እሱ ሊንክ አይደለም፤ በጽሑፍ የተጻፈ የሊንከር ስክሪፕት ነው። ስክሪፕቱ ሲስሩት ውስጥ ካለ ሊንከሩ በውስጡ ያሉትን አድራሻዎች ፊት ላይ ሲስሩቱን ራሱ ይጨምራል። ለምልክታዊ ሊንክ ግን እንዲህ አያደርግም። አድራሻውን የሚተረጉመው ሊንከሩ አይደለማ፣ የማኩ ከርነል ነው።

ሃያ መስመር የሚሆን የፓይተን ስክሪፕት ጻፍኩ። ሲስሩቱን ይዞራል፣ ከሥር የሚጀምሩ ሊንኮችን ሁሉ ወደ አንጻራዊ አድራሻ ይቀይራል። ሲስሩቱን ባመጣሁ ቁጥር ከአርሲንክ ቀጥሎ በራሱ ይሮጣል። ፕሮግራሙን እንደገና ሠራሁ፤ አሁን ሊብኤም ዝርዝሩ ላይ ታየ።

ቀን 6

ሲ ፕላስ ፕላስ። የቀረውን ግንባታ አስጀመርኩ፣ የቋንቋው ላይብረሪ ሊብስታንዳርድ ሲ ፕላስ ፕላስ ያለ ችግር ተሠራ። የትናንቱን ሳላስተካክል ብጀምረው ኖሮ እሱም የተሳሳተውን ሊብኤም ያገኝ ነበር።

የጠረጠርኩት ደረሰ። አይኦስትሪምን የሚጠቀም ትንሽ ፕሮግራም ቦርዱ ላይ «ጂሊብሲኤክስኤክስ 3.4.32 የለም» አለ። ይህ የዚያ ላይብረሪ የእትም ምልክት ነው። የቦርዱ ላይብረሪ የጂሲሲ 10 ስለሆነ የሚያውቀው እስከ 3.4.28 ድረስ ነው። የእኔ ኮምፓይለር ደግሞ 13.2 ነው።

ሁለት ምርጫ ነበረኝ። አዲሱን ላይብረሪ ቦርዱ ላይ መጫን፣ ወይም ላይብረሪውን በስታቲክ ፕሮግራሙ ውስጥ መክተት። የቦርዱን ሲስተም መነካካት አልፈልግም፤ ሌሎች ፕሮግራሞችም እዚያ አሉ። ስለዚህ ሊብስታንዳርድ ሲ ፕላስ ፕላስንና ሊብጂሲሲን ብቻ በስታቲክ አደረግኩ፤ ጂሊብሲው በጋራ ይቆያል። ፕሮግራሙ ትንሽ ወፈረ። ሠራ።

ልዩነቱ ይታየኛል። ትናንት ስታቲክ የሆነው ሳላውቅ ነው። ዛሬ ግን እኔ መርጬ ነው።

ቀን 7

ዋናው ፕሮጀክት። ግንባታን በሚያቀናጀው በሲሜክ የሚገነባ ነው። የቱልቼይን ፋይል ጻፍኩለት፦ ሲስተሙ ሊኑክስ፣ ኮምፓይለሩ የኔ፣ ሲስሩቱ እዚህ። ላይብረሪና ሄደር ሲፈልግ ሲስሩቱ ውስጥ ብቻ እንዲያይ፣ ፕሮግራም ሲፈልግ ግን ማኩ ላይ ብቻ እንዲያይ ነገርኩት። ይህ ሁለተኛው ይረሳል። በግንባታ መሃል የሚጠሩ መሣሪያዎች መሮጥ ያለባቸው ማኩ ላይ ነው።

በመጀመሪያው ሙከራ ተገነባ። አንድም ስህተት የለም።

ወረቀቱን አየሁትና የግንባታውን ዝርዝር ሎግ ከፍቼ የሆምብሩን ፎልደር ስም ፈለግኩ። አራት ቦታ ተገኘ። ጄሰን-ሲ የሚባለው ላይብረሪ ሄደሮች ከማኩ እየመጡ ነው። ላይብረሪው ግን ከሲስሩቱ ነው። ሄደር ጽሑፍ ስለሆነ ኮምፓይለሩ የማን እንደሆነ አይለይም። ዛሬ ምንም አልተበላሸም። በሁለቱ እትሞች መካከል አንድ ስትራክቸር የተለወጠ ቀን ግን ፕሮግራሙ ቦርዱ ላይ ያለ ምክንያት ይወድቃል፣ እኔም ለቀናት የራሴን ኮድ ስቆፍር እኖራለሁ።

በሩ የተከፈተው ላይብረሪዎች የት እንዳሉ በሚናገረው በፒኬጂ-ኮንፊግ በኩል ነው። የሲስሩቱን ፎልደር የሰጠሁት በፒኬጂ ኮንፊግ ፓዝ ተለዋዋጭ ነበር። እሱ የሚጨምር ነው፤ ነባሩን የማክ ዝርዝር አያጠፋም። ሊብዲር የሚለው ተለዋዋጭ ግን ነባሩን ሙሉ በሙሉ ይተካል። ያንን ተጠቀምኩ፣ ሲስሩት ዲር የሚለውንም ጨመርኩ። የግንባታ ፎልደሩን ጠረግኩ፣ ከመጀመሪያው ገነባሁ፣ ሎጉን ፈተሽኩ። ዜሮ ቦታ።

ፍተሻውን የግንባታው ስክሪፕት መጨረሻ ላይ አስገባሁት። የሆምብሩ ስም አንድ ጊዜ እንኳ ከታየ ግንባታው እንዲወድቅ አድርጌአለሁ።

ሙሉ ግንባታው አሁን ሃምሳ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። አንድ ፋይል ብቻ ስቀይር ወደ ቦርዱ ልኬ እስካስነሳው አምስት ሰከንድ አይሞላም። ከሰዓቱን በሙሉ ለሳምንታት ስሸሸው የነበረውን አንድ የትሬድ ችግር ሳሳድድ ዋልኩ፤ አሥራ ሰባት ጊዜ ሞክሬ በአሥራ ስምንተኛው ያዝኩት።

የቀረው የስህተት ማደኛው ጂዲቢ ነው። ማኩ ላይ የሚሮጥ፣ ቦርዱ ላይ ካለው ጂዲቢ ሰርቨር ጋር የሚነጋገር። ምንጭ ኮዱን አውርጄ ቮልዩሙ ላይ ፈትቼዋለሁ። ነገ ከዚያ እጀምራለሁ።